የአማቴ ሁለት ኪሎ

እኛ አገር ሰው መመዘን አልተለመደም። በርበሬ ይመዘናል፣ ማር ይመዘናል፣ ቡናም ይመዘናል። በግ እንኳ ይመዘናል፤ ወገቡን ጨበጥ፣ ከመሬት ብድግ አድርጎ መልቀቅ ነው፣ አለቀ። ሰው ግን በዓይን ነው። «ወፍረሻል!» ከተባላችሁ ተመርቃችኋል። «ምነው ከሳህ?» ከተባላችሁ ደግሞ ወደ ቤት ገብታችሁ ኑዛዜ ማሰብ ነው። ከዚህ በላይ ምን ሚዛን ያስፈልጋል?

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው እየለካሁ ነው የምበላው። ስለዚህ ሰው ሲለካ ምን እንደሚሆን እኔን ጠይቁኝ። ሆዱን ወደ ውስጥ የማይስብ ወንድ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሜትሩን ወገቡ ላይ ሳዞር ትንፋሹን ይውጣል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ጎረምሳ ይሆናል። ሱሪው ተሰፍቶ ሲሰጠው ደግሞ «አጠበብከው!» ብሎ እኔን ይቆጣል። አሁን ማን ነው የዋሸው? ሜትሩ ነው?

ሐኪም ቤት ደግሞ ይብሳል። ስሙን የማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ሚዛኑ ተበላሽቶ ባለሙያው በዓይኑ ይገምት ነበር አሉ። አንዱን ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አየት አድርጎ «ሃምሳ ልበልዎት?» ቢላቸው፣ «ኧረ ስልሳ አድርገው የኔ ልጅ፣ አንተን ምን ይጎዳሃል!» ብለው ተከራከሩት። በሃምሳ አምስት ተስማሙ። ሚዛኑ ከተጠገነ በኋላ እኒያው ሽማግሌ ሲመዘኑ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉበት። ግማሽ ሰውነታቸው ከዘራው ላይ ነው። ቁጥሩ የሕፃን ልጅ ሆነ። «ከዘራውን ይተዉት አባባ» ሲባሉ «ትቼውማ በምኔ ልቁም?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ መቆም ቢችሉ መች ሐኪም ቤት ይመጡ ነበር?

ግን እኔ ላወራችሁ የተነሣሁት ስለ አማቴ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ውሃውም ይመጣል፣ ታገሡኝ።

አማቴ እትዬ ጥሩወርቅ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ነጋዴ ስላችሁ ዝም ብሎ ነጋዴ እንዳይመስላችሁ። ጆንያው ሳይፈታ አንዱን በርበሬ በቀዳዳ ሳብ አድርገው ጆሯቸው ሥር ያንኳኩታል። ፍሬው ከተንኳኳ ደርቋል ማለት ነው። ዝም ካለ ውሃ ተረጭቶበታል። ከክብደቱ ላይ ትንሽ ልጨምር ብሎ በርበሬ ላይ ውሃ የሚረጭ ገበሬ አለ፤ ይህን አገር ያውቀዋል። አማቴ እንደዚያ ዓይነቱን ሰው አይምሩትም። «በርበሬ ላይ ውሃ የረጨ ሰው በወዲያኛው ዓለም ጠብታ ቢለምን አያገኝም» ይላሉ። ይህን የሚሉት እኔ ውሃ ልጠጣ ብርጭቆ ባነሣሁ ቁጥር ስለሆነ፣ እሳቸው ቤት ሄጄ ጠጥቼ የረካሁበትን ቀን አላስታውስም።

እንግዲህ እኒህ ሴትዮ የመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩ ተነሡ። ሙሽራዋ የአያ ፈንታ ልጅ ናት። አያ ፈንታ የጅጋ አካባቢ ገበሬ ናቸው፤ ዘመናቸውን ሙሉ በርበሬያቸውን ለአማቴ ነው የሸጡት። ጋብቻውም የታሰበው እዚያው በርበሬው ጆንያ ላይ ነው። ሁለቱ ተከራክረው አያውቁም። አያ ፈንታ ያመጣሉ፣ አማቴ ይመዝናሉ፣ ሒሳቡ ይሠራል፣ ይመራረቃሉ። «እንዲህ ያለ እምነት ካለማ ለምን አንዛመድም?» ተባባሉ። ሠርጉ እሑድ ሊሆን ተቆረጠ። ድንኳኑ ታዘዘ፣ ጠላው ተጠነሰሰ።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው አማቴ አበጡ።

እግራቸው ጫማ አልገባ አለ። ሆዳቸው ተነፋ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔም እውነቱን ልናገርና በጣም ፈራሁ። አማት ሲታመም የማይፈራ አማች ካለ ሚስቱን አያውቃትም። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም አምጥተን አስተኛናቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ልባቸው ደክሟል፣ ስለዚህ ሰውነታቸው ውሃ ቋጥሯል አለን። የሚያሸና መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ውሃው መውጣት አለመውጣቱ የሚታወቀው በክብደታቸው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ይመዘናሉ። አማቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት።

«ዶክተር፣ ለእሑድ እደርሳለሁ?»

«ስልሳ ኪሎ ከደረሱልኝ ቅዳሜ ይወጣሉ።»

«ካልደረስኩስ?»

«ካልደረሱማ አይወጡም እማማ። እዚህ ነው የሚሠርጉት።»

እሱ ቀልዱን ነው። እሳቸው ግን ሙሽራ ስትገባ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚቀበላት አማት እንደሌለ በዓይናቸው ታያቸው። እንዲህ ያለውን ነገር የቡሬ ሰው ሰባት ዓመት ነው የሚያወራው።

ታዲያ ስልሳ መድረስ ያለባቸው ከስልሳ ስምንት ወርደው ነው። ይህንን ለዘመድ ማስረዳት ቀላል መሰላችሁ? የኛ ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ የሚፈልገው በሽተኛው ሲወፍር ማየት ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ሚዛን ላይ ሲወጡ ሁለት ጋቢ ደርበው ነበር። ለምን ሁለት? ሐኪም ፊት በአንድ ነጠላ መቆም ነውር ነው ብለው ነው። ሲስተሯ ቁጥሩን ስትናገር ሰባ አንድ ሆነ። ከቡሬ የመጡ የባለቤቴ አክስት እልልታውን አቀለጡት። «ሦስት ኪሎ ጨመረች! ተመስገን፣ ማረልን!» ክፍሉ ውስጥ የተኛው ሁሉ አብሮ አጨበጨበ። ሐኪሙ ሲሮጥ መጣ። ሰው የሞተ መስሎት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሲስተሯ፣ ሰብለ ነው ስሟ፣ ሕግ አወጣች። ጋቢ ይወልቃል። ጫማ ይወልቃል። ዘመድ ከሚዛኑ ሦስት እርምጃ ይርቃል። አማቴ ጋቢውን በግድ፣ ነጠላውን በልመና ሰጡ። መቀነቴን ግን አልፈታም አሉ። ስንት ክንድ ሆኖ ወገባቸው ላይ የሚጠመጠም መቀነት ነው። «በሰው ፊት መቀነቷን የፈታች ሴት አይታችኋል?» አሉ። ሰብለም ጨርቅ ምን ይመዝናል ብላ ተወችው። ይህን መቀነት ልብ በሉልኝ።

አሁን የቀረው አማቴን ማሳመን ነው። እሳቸውም በልባቸው ከአክስትየው ጋር ነበሩ፤ መድኃኒቱ «አቀለለኝ» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። አልጋቸው ሥር ተቀመጥኩና፣ «እትዬ፣» አልኳቸው፣ «ውሃ የተረጨበት በርበሬ ሲመዘን ምን ይሆናል?»

«ይከብዳላ!»

«ክብደቱ የበርበሬው ነው?»

«የምን የበርበሬው! የውሃው ነው፣ ሌብነት ነው!»

«እንግዲህ አሁን እርስዎ ውሃ የተረጨበት በርበሬ ነዎት።»

እንዳልኩ ራሴ ደንገጥ አልኩ፤ አማት እንዲህ ይባላል? ቀና ብለው አዩኝና «ማን ነው የረጨኝ?» አሉ። ልብዎ ነው አልኳቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያንን መድኃኒት እንደ ጠበል ነው የዋጡት። ጠዋት ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ አንድ እግራቸውን ብድግ ያደርጋሉ። ሰብለ «እማማ፣ በአንድ እግር ቢቆሙም ሁለቱም የእርስዎ ናቸው» ትላቸዋለች።

ቁጥሩ ይወርድ ጀመር። ስልሳ ስድስት። ስልሳ አራት። ረቡዕ ጠዋት ስልሳ ሁለት። ሐኪሙ ፈገግ አለ፣ ባለቤቴ ሳቀች። እኔም የሠርጉን ቀሚሳቸውን ከእብጠታቸው ጋር ለክቼ ሰፍቼው ነበርና ወገቡን ላጠብበው ፈታሁት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሐሙስ ጠዋት ተመዘኑ። ስልሳ አራት ሊሆን ትንሽ ቀረው!

ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። ውሃው ተመልሷል አለ። አንድ ሌሊት ውስጥ እንዲህ የሚያደርገው ጨው ነው፤ ማነው ጨው ያበላቸው? ሁላችንም ባለቤቴን አየናት። እሷ ማለች፣ ተገዘተች። አልጫውን ያለ ጨው ነው የሠራሁት፣ ራሴ ቀምሼ እንኳ አንገሸገሸኝ አለች። እኔም ለሰላም ብዬ «ምናልባት ረስተሽ ትንሽ ቆንጠር…» አልኩ፤ ያን ቀን ምሳ ያልበላሁበት ምክንያት ይኸው ነው። አክስትየው ተጠረጠሩ፤ እሳቸው ደግሞ ሲስተሯን ጠረጠሩ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጨመረ። አማቴ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ አልጋ ሲመላለሱ ዋሉ። ከንፈራቸው ደረቀ። ዓርብ ሲመዘኑ ስልሳ ሁለት ከምናምን! ወደ ስልሳ አልወርድም አለ።

እኔን ደግሞ ግራ የገባኝ ቀሚሱ ነው። ያጠበብኩትን አምጥቼ ትከሻቸው ላይ ጣል ባደርገው ሰፍቷቸዋል። እግራቸው ጫማቸው ውስጥ ገብቷል። አጥንታቸው ይታያል። ሚዛኑ ግን ከብደዋል ይላል። እኔ ማንን ልመን? ሳይንስን አመንኩ። ሜትሬን ኪሴ ከተትኩና ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አያ ፈንታ መጡ። ነገ ልጃቸውን የሚሰጡበት ቤት እመቤት ተኝታለች፤ ሳይጠይቁ ቢቀሩ ነውር ነው። ኩታቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዘው ገቡ፤ አንድ አንድ ኪሎ ሆኖ ከፋብሪካ የታሸገው ነው። «እንዴት ሰነበቱ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ኧረ እግዜር ይማርዎ» እያሉ ሳይጨርሱ ሐኪሙ ገባ። አማቴ ሚዛኑ ላይ ወጡ። ስልሳ አንድ ከግማሽ አካባቢ።

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። አዝናለሁ እማማ፣ ዛሬ ላስወጣዎት አልችልም፣ ሰኞ እናየዋለን አለ።

አማቴ መጀመሪያ ዓይናቸው እንባ ሞላ። አያ ፈንታ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ አማቴ ቱግ አሉ።

«ውሸት ነው! ሚዛናችሁ ውሸታም ነው! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሚዛን ስይዝ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ማንን ነው የምታታልሉት? ቆዩ፣ እኔ ልፈትነው!»

ይህን ብለው መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። በሰው ፊት የማይፈታው መቀነት! አንዴ ተተረተረ፣ ሁለቴ ተተረተረ፣ ከመካከሉ ጥቁር ነገር ዱብ አለና እጃቸው ውስጥ ገባ። የሚዛን ብረት ነው። ሁለት ኪሎ የሚባለው፣ ድፍኑ።

«ይኸው የኔ ሁለት ኪሎ! እስቲ ይህን መዝኑትና ስንት እንደሚል እንይ!»

ሐኪሙ ብረቱን አየ፣ አማቴን አየ፣ መቀነቱን አየ።

«እማማ፣» አለ በቀስታ፣ «ይህ ብረት… ሲመዘኑ እርስዎ ላይ ነበር?»

«የት ላድርገው ታዲያ? አልጋ ላይ ጥዬው ልሂድ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ረቡዕ ከሰዓት ሙሽራው ሊጠይቃቸው መጥቶ ነበር። ሲንሾካሾኩ አይቼ የሠርግ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ለካ ብረቱን ከሱቅ አስመጥተው ነው። እኔ በሌለሁበት አንዱ ቢፍቀውስ? በሌላ ቢለውጥብኝስ? ይህ ነው ጭንቀታቸው። «ባልና ኪሎ ብቻውን አይተውም» ይላሉ እሳቸው። ስለ ሌባ እናትና ስለ ልጇ የሚተረት ተረት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ አማቴ ስለሆኑ እኔ አልተርተውም። ሌሊት ትራስ ሥር፣ ጠዋት መቀነት ውስጥ፣ ከዚያ ሚዛን ላይ! ሐኪሙም ሦስት ቀን ሙሉ ከብረት ውስጥ ውሃ ሊያወጣ ሲታገል ከረመ።

ሰብለ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ባለቤቴ፤ ከጨው ክስ ነፃ ወጥታለችና የሷ ሳቅ ረዘም ያለ ነበር። ሐኪሙ በጋዋኑ እጅጌ ዓይኑን እየጠረገ፣ «በቃ፣ ሁለቱን ኪሎ ስንቀንሰው ከስልሳ በታች ነዎት፤ ይወጣሉ!» አለ። እልል ተባለ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ግን አማቴ ናቸው። ሚዛኑ ውሸታም ነው ብያለሁ፣ ሳይፈተን አልሄድም አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህን ጊዜ ነው። ሰብለም ይሁን ብላ ከአጠገቡ ክፍል የአራስ ሕፃናቱን ሚዛን አመጣች፤ እሱ ግራሙን ሳይቀር ይናገራል። ብረቱን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጋ አስተኛችው።

«ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ» አለች። «ትንሽ ያለ ጊዜው ነው የተወለደው፣ ግን ያድጋል።»

«አላልኳችሁም!» አሉ አማቴ በድል። «ሦስት መቶ ግራም ዋሸ!»

ሰብለ ዙሪያውን አየች። የአያ ፈንታን ስኳር አነሣች። ሁለቱን እሽግ አስተኛቻቸው። ሁለት ኪሎ፤ ዝንፍ እንኳ የለ።

ብረቱን መልሳ አስተኛችው። ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ።

ማንም አልሳቀም። ሐኪሙ ብረቱን አነሣና ገለበጠው። ከሥሩ ተቦርቡሮ እርሳስ ተሞልቶበታል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ጥላሸት ተቀብቷል። ገበሬው በርበሬውን ያመጣል፣ በዚህ ብረት ይመዘንለታል፣ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ይሰጣል፣ የሁለት ኪሎ ዋጋ ይቀበላል። ስንት ዘመን? እኔ ለመቁጠር ድፍረቱ አልነበረኝም። ከአያ ፈንታ በቀር የምንፈራው አልነበረንም፤ እሳቸው ደግሞ አጠገባችን ቆመዋል።

«ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ነው ያሠራው» አሉ አማቴ ድምፃቸው ቀጥኖ። «እኔ በምን አውቄ!»

«ነፍሱን ይማር» አልን ሁላችንም። እውነትም የሚያስፈልገው መሰለን።

አያ ፈንታ ብረቱን ከሐኪሙ እጅ ተቀበሉ። በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት። ነገ ሠርግ ነው። ድንኳኑ ተተክሏል። ልጃቸው እጇን ሂና ቀብታ ቤት ተቀምጣለች። አንድ ቃል ቢወጣቸው ሁሉም ነገር ፈረሰ። ባለቤቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ምልክቱ ሳምንት አልጠፋም።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ነበር። ሳቅ ነው! ኩታቸው እስኪወድቅ ሳቁ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ።

«አዬ እትዬ ጥሩወርቅ!» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «እኔስ ያ ሁሉ የረጨሁት ውሃ የት እየገባ ነው እያልኩ ስንት ዘመን ሲገርመኝ! በርበሬዬን አርሼው እመጣለሁ፣ የሚመዝነው ግን ያው እቤት ሳለ ደርቆ የሚመዝነውን ነው። ለካ ብረትዎ ጠጥቶታል!»

አማቴ ከአልጋቸው ቀጥ አሉ።

«ምን አሉ? ውሃ ይረጩ ነበር? አያ ፈንታ! በእኔ በርበሬ ላይ?» እንዲህ ሲናደዱ አይቻቸው አላውቅም። «ሳንኳኳው ይንኳኳ ነበር እኮ!»

«ከላይ ከላይ ያለውን ደረቁን አደርገዋለኋ!»

ሐኪሙ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። አማቴ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ብረቱን አዩት፣ ስኳሩን አዩት፣ ከዚያ እሳቸውም ሳቅ አመለጣቸው። ሁለቱ ተቃቅፈው ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ከእንግዲህ ደረቅ በርበሬ፣ ከእንግዲህ ልከኛ ኪሎ ብለው ሐኪሙ ፊት ማሉ። ሠርጉም ሆነ። አማቴ ባጠበብኩት ቀሚስ፣ በመቀነታቸው ውስጥ ምንም ሳይዙ፣ ደጃፍ ላይ ቆመው ሙሽራቸውን ተቀበሉ። ቀለል ብለው ሲጨፍሩ ላያቸው ታመው የነበሩ አይመስሉም። ብረቱን እኔ እንድጥለው ተሰጠኝ፤ እኔ ግን የሱቄን በር ነፋስ እንዳይዘጋብኝ ከሥሩ አደረግሁት።

ታሪኩን እዚህ ላይ ዘግቼ፣ ሚዛን ይከበር፣ እውነት ይሻላል ብላችሁ ልመክራችሁ አስቤ ነበር። እንዲያውም ለጎረቤቶቼ መክሬያለሁ።

ትናንት ግን አማቴ ከቡሬ ደወሉልኝ። ዘንድሮ የበርበሬው ወቅት ሲገባ አያ ፈንታ ውሃ ያልነካው በርበሬ ይዘው መጥተዋል። አማቴ በአዲሱ ልከኛ ኪሎ መዝነዋል። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው ሊስማሙ አልቻሉም። አያ ፈንታ በጣም ቀለለብኝ ይላሉ፣ አማቴ በጣም ተወደደብኝ ይላሉ። በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ያልተጣሉ ሰዎች፣ እውነተኛ በሆኑ በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌ ሊጠሩ ደርሰዋል።

«ልጄ፣» አሉኝ አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ብረት አለ?»

መልስ ሳልሰጥ ከኋላቸው የአያ ፈንታ ድምፅ ተሰማኝ።

«ቶሎ እንዲያመጣው ይንገሩት! እኔ ውሃዬን ረጭቻለሁ!»